ፉጨቱ ከየት ይመጣል? በፋብሪካ ቴፕ ላይ አምፕሊፋየር ሲጨመር የሚፈጠሩ ችግሮችና አፈላለጋቸው



በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መስመር የተመላለሰ ሁሉ አንድ ድምፅ ያውቃል። ሚኒባሱ ቆሞ ሰው ሲጭን ቴፑ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ግን ከመንዙማውም ሆነ ከዜናው ጀርባ ቀጭን ፉጨት ይነሳል። ሞተሩ ሲጮህ ፉጨቱ ይቀጥናል፣ ማርሽ ሲቀየር ይወርዳል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ጆሮ ይበሳል። ተሳፋሪው "ቴፑ ተበላሽቷል" ይላል፤ ሹፌሩ "ስፒከሩ ነው" ይላል፤ ረዳቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ፉጨቱን ሊሸፍነው ይሞክራል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱም አላገኙትም።

በጀመዓችን ውስጥ ኤሌክትሪካልና መካኒካል የምንማር ልጆች ለዕረፍት አገር ቤት ስንገባ ከሚጠብቁን ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው። "አንተ ኤሌክትሪክ አይደል የምትማረው? እስቲ ይችን ቴፕ እያት" ይባላል። ፉሪየር ትራንስፎርም አስልቶ የመጣ ልጅ አጎቱ ሚኒባስ ውስጥ አንገቱን አስግጎ የሽቦ ጉንጉን ሲያይ ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል፤ ክፍል ውስጥ ይህን ማንም አያስተምርምና። ለዚህ ነው በዚህ ዕትም በጉዳዩ ላይ ልንጽፍ የተነሳነው። የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪዎችም አትለፉት፤ ከማባዛትና ከማካፈል የሚበልጥ ሒሳብ የለበትም።

ነገሩ የፉጨት ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ገጽ ባልሰጠነው። የመኪና ሁለት የፊት መብራቶች እያንዳንዳቸው 55 ዋት ቢሆኑ ተደምረው የሚወስዱት 9 አምፒር እንኳን አይሞላም። መጠነኛ አምፕሊፋየር ግን ድምፁ ከፍ ሲል የዚያን ሦስት እጥፍ ይስባል። ያንን የሚያደርሰው ሽቦ ደግሞ ከባትሪው ተነስቶ ሰው በተቀመጠበት ወንበር ሥር፣ በምንጣፍና በስፖንጅ መካከል ያልፋል። ሽቦው ቀጭን ከሆነ፣ ፊውዙም ከሌለ፣ የምናወራው ስለ ድምፅ ጥራት አይደለም፤ ስለ እሳት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተላችን ከሌሎች ሊለይ ይችላል፤ መጀመሪያ የሚያቃጥለውን፣ ከዚያ የሚያፏጨውን እንፈልጋለን።

አስቀድሞ ግን የፋብሪካው ቴፕ ለምን እንደማይበቃ እንይ፤ ብዙ አለመግባባት የሚጀምረው ከዚህ ነውና። ከመኪናው ጋር የመጣው ቴፕ በውስጡ ትንሽ አምፕሊፋየር አለው። የሚሠራው በቀጥታ በመኪናው ቮልት ሲሆን፣ ሞተር ሲነሳ ያ ወደ 14.4 ቮልት ይደርሳል። ጫፉ 14.4 የሆነ ንጹሕ ሞገድ ውጤታማ ቮልቱ 10.2 ገደማ ነው፤ 4 ኦም በሆነ ስፒከር ላይ ሲሰላ 26 ዋት ይወጣዋል። ይህ የወረቀት ጣሪያ ነው፤ ቺፑ ውስጥ የሚቀረው ሲቀነስ ስፒከሩ ጋ የሚደርሰው ከ15 እስከ 20 ዋት ነው። ታዲያ የብዙ ቴፖች ፊት ላይ "50 ዋት በ4" የሚለው ጽሑፍ ከየት መጣ? ሞገዱ ጫፉ ተቆርጦ አራት ማዕዘን እስኪሆን ድረስ ቢጮህ፣ 14.4 በራሱ ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል 52 ዋት ገደማ ይመጣል። ቁጥሩ ፈጠራ አይደለም፤ ነገር ግን በዚያ ድምፅ የቁርኣን ቲላዋም ሆነ የኳስ ዘገባ ሊሰማ የሚችል ጆሮ የለም።

ከውጭ የሚጨመረው አምፕሊፋየር ግን 12 ቮልቱን ወስዶ በውስጡ ከፍ የሚያደርግ ክፍል አለው። ስለዚህ በእውነት 50 ዋት በአራት ሊሰጥ ይችላል። ዋጋው የሚከፈለው በአምፒር ነው። 200 ዋት ድምፅ ለማውጣት፣ የድሮው ዓይነት አምፕሊፋየር ከሚበላው ግማሹን ትንሽ አለፍ የሚል ብቻ ወደ ድምፅ ስለሚቀይር፣ ከባትሪ ወደ 360 ዋት ይጠይቃል፤ ያ ለ13.8 ቮልት ሲካፈል 26 አምፒር ነው። ክላስ ዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ብክነቱ ስለሚያንስ 18 አምፒር አካባቢ ይበቃዋል። ሣጥኑ ላይ "2000 ዋት" ተጽፎ ጎኑ ላይ 25 አምፒር ፊውዝ የተሰካበት ዕቃ ካያችሁ ፊውዙን እመኑት፤ እሱ አይዋሽም። 25 አምፒር በ13.8 ቮልት 345 ዋት ነው፤ ከገባው በላይ የሚወጣ የለም።

አሁን ሽቦውን። የመዳብ ሽቦ ምን ያህል ቮልት እንደሚበላ ለማወቅ 0.0172ን በርዝመቱ በሜትር ማባዛት፣ ለውፍረቱ በካሬ ሚሊሜትር ማካፈል ነው፤ ይህ ኦሙን ይሰጣል። በአምፒሩ ስታባዙት የጠፋውን ቮልት ታገኛላችሁ። ከባትሪ እስከ አምፕሊፋየር 5 ሜትር ይሁን፣ አምፒሩም 26። ሽቦው ለቤት አምፖል የምንዘረጋው 1.5 ካሬ ከሆነ መንገድ ላይ የሚጠፋው 1.5 ቮልት ነው። የጠፋው ቮልት ደግሞ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው፤ 1.5 በ26 ሲባዛ 39 ዋት፣ ማለትም ብየዳ የሚያቀልጥ የሶልደር ብረት ያህል ሙቀት በወንበር ሥር ተዘርግቷል ማለት ነው። 4 ካሬ ቢሆን 0.56 ቮልት፣ 10 ካሬ ቢሆን 0.22 ቮልት ብቻ ይጠፋል። ለእንዲህ ያለ አምፕሊፋየር የምንመክረው 10 ካሬ ነው። ሲገዙ አንድ ነገር ማየት ያስፈልጋል፤ "የአምፕሊፋየር ገመድ" ተብሎ በሚያምር ቀይ ፕላስቲክ የሚሸጠው ብዙው ከላይ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጋችሁ ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው፤ ተመሳሳይ ውፍረት ካለው መዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይከለክላል። መጠቀም አይቻልም አይባልም፤ አንድ ደረጃ ወፍራሙን መግዛት ነው።

ፊውዝ ላይ ደግሞ በጣም የተስፋፋ አለመረዳት አለ። ብዙ ሰው ፊውዙ አምፕሊፋየሩን የሚጠብቅ ይመስለዋል፤ ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ጎን ላይ ፊውዝ ካለ "ይበቃል" ይላል። ባትሪው አጠገብ የሚገባው ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ላሜራ ቀዳዳ ላይ ተልጦ ቦዲ ቢነካ፣ የመኪና ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር በአንዴ ሊለቅ ይችላል፤ ከአምፕሊፋየሩ ጎን ያለው ፊውዝ ከተላጠው ቦታ በኋላ ስለሆነ ምንም አያይም። ስለዚህ ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ መግባት አለበት፤ መጠኑም ሽቦው ከሚችለው መብለጥ የለበትም። በ1.5 ካሬ ሽቦ ላይ ከ15 አምፒር በላይ ፊውዝ አይገባም፤ ለ10 ካሬው ከላይ ላልነው አምፕሊፋየር 30 አምፒር በቂ ነው። ሽቦው ላሜራ አልፎ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ጎማ ይደረግበታል፤ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠም ይሆናል፣ ናስትሮ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በሙቀት ይለጠጣል፣ በንዝረት ይበላል።

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ጅጋ ላይ ያየናት ሚኒባስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ባለቤቷ ራሱ ሹፌሯ ነው፤ ቤተሰቡ የሚኖረው በእሷ ነው። አምፕሊፋየሩን ሌላ ከተማ ገዝቶ እዚያው አስገጥሞ መጥቷል፤ ማን እንደገጠመለት ለጉዳዩ አይረባም። ቅሬታው ሁለት ነበር። አንደኛው ያ ፉጨት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቤዙ መታ ሲያደርግ አምፕሊፋየሩ ጥፍት ይልና መልሶ ይበራል። ዲናሞዋ ደክማለች ተብሎ ተነግሮት አዲስ ሊገዛ ብር እያጠራቀመ ነበር።

ዲናሞውን ከመንካታችን በፊት መልቲሜትር ባትሪው ላይ አደረግን። ሞተር ጠፍቶ 12.6፣ ተነስቶ 14.1 ቮልት። ይህ ደህና ዲናሞ ነው። መልቲሜትሩን ወደ ኤሲ ቮልት ቀይረን እዚያው ባትሪው ላይ ስንለካ ከ0.1 በታች አሳየ። ይህ ሁለተኛው ልኬት ጥቅሙ ትልቅ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ዲናሞ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ ውስጡ ያሉት ዲዮዶች ናቸው ወደ ቀጥተኛ የሚለውጡት። አንድ ዲዮድ ሲሞት ባትሪው አሁንም ይሞላል፣ ሹፌሩም ምንም አያውቅም፣ ግን ሞገዱ ሳይስተካከል ወደ መኪናው ሽቦ ሁሉ ይለቀቃል። ኤሲ ላይ የሚታየው ከ0.5 ቮልት ካለፈ ፉጨቱ ከዲናሞው ነው ማለት ይቻላል፤ ያኔ ዲዮዶቹ ይታያሉ። ከ0.1 በታች ከሆነ ግን ዲናሞውን ተዉት፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያደረግነው ልኬት ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ እንድትይዙት የምንፈልገው ነው። ቴፑን ከፍ አድርጎ ከፍቶ፣ ቤዝ ያለው ነገር እየተጫወተ፣ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ አምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ ላይ ማድረግ። መልቲሜትሩ የሚያሳየው መንገድ ላይ የጠፋውን ቮልት ነው። እሷ ላይ 1.6 አሳየ። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ አምፕሊፋየሩ ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፤ 2.3 አሳየ። በጥሩ ገጠማ ይህኛው ከ0.2 ባልበለጠ ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ ወደ 4 ቮልት ነው። ቤዝ ሲመታ ለአምፕሊፋየሩ የሚደርሰው ከ10 ቮልት በታች ይወርዳል፤ እሱም ራሱን ለመጠበቅ ይጠፋል፣ ሲጠፋ ቮልቱ ይመለሳል፣ መልሶ ይበራል። ዲናሞው ምንም አልሆነም።

ምንጣፉን ስንገልጥ ሽቦው የቤት 1.5 ካሬ ነበር። ባትሪው አጠገብ የፊውዝ ቤት አለ፣ ውስጡ ግን ፊውዝ ሳይሆን የተጠቀለለ የሽቦ ክር ነበር፤ "ፊውዙ ቶሎ ቶሎ ስለሚቃጠል" ተብሎ የተደረገ ነው። ፊውዙ ቶሎ ቶሎ ይቃጠል የነበረው ሥራውን እየሠራ ስለነበር ነው። የሽቦው ፕላስቲክ በአንድ ቦታ ተኮማትሮ ጠቁሯል፤ በላዩ ላይ የሦስት ሰው ወንበር አለ። ግራውንዱ ደግሞ በቀለም ላይ በአንዲት ሹል ብሎን የተያዘ ነበር። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ የሚያሳልፈው የብሎኗ ጥርስ ብቻ ነው፤ እሱም በክረምቱ እርጥበት ዝጎ ነበር።

ሥራው የግማሽ ቀን ነበር። ባትሪው ኔጋቲቭ ተፈታ፤ ይህ የማንኛውም ሥራ መጀመሪያ ነው። 10 ካሬ ሽቦና 30 አምፒር ፊውዝ ገባ። ግራውንዱ ከ50 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሆኖ፣ ላሜራው በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ተፍቆ፣ በወፍራም ብሎንና ጥርስ ባለው ሮንዴላ ታሰረ፤ ላዩ እንዳይዝግ ግሪስ ተቀባ። የወንበር ቀበቶ የታሰረበትን ብሎን ለዚህ አትጠቀሙ፤ እሱ ነፍስ የሚይዝ ብሎን ነው፣ ሌላ ሥራ አይደረብበትም። ከዚያ ስንለካ ፖዘቲቩ ላይ 0.3፣ ኔጋቲቩ ላይ 0.1 ሆነ። አምፕሊፋየሩ መጥፋቱን አቆመ፤ ፉጨቱም አብሮ ሄደ። ሽቦው፣ ፊውዙና ብሎኑ ከዲናሞ ዋጋ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም።

ፉጨቱ ለምን አብሮ ሄደ? ቴፑና አምፕሊፋየሩ በሁለት መንገድ ይገናኛሉ። አንዱ በመኪናው ቦዲ ነው፣ ሌላው በድምፅ ገመዱ፣ ማለትም በአር ሲ ኤው መሸፈኛ። የአምፕሊፋየሩ ግራውንድ መጥፎ ሲሆን የቴፑ "ዜሮ" እና የአምፕሊፋየሩ "ዜሮ" አንድ አይሆኑም። ልዩነቱ በድምፅ ገመዱ መሸፈኛ በኩል ይፈሳል፤ ልዩነቱ ደግሞ ከዲናሞው ዙር ጋር ስለሚዘል አምፕሊፋየሩ እንደ ሙዚቃ ቆጥሮ ያጎላዋል። ለዚህ ነው ፉጨቱ ከነዳጅ ጋር የሚወጣና የሚወርደው።

ግራውንዱ ተስተካክሎም ፉጨቱ ካለ ምንጩን በመክፈል መፈለግ ነው። ቴፑን አጥፍታችሁ የድምፅ ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉትና ሞተሩን አስነሱ። ፉጨቱ ካለ ችግሩ አምፕሊፋየሩ ጋ ወይም ከእሱ በኋላ ነው። ከጠፋ ከእሱ በፊት ነው፤ ቴፑ ወይም ገመዱ። ገመዱን መልሳችሁ ቴፑ ላይ ያለውን ድምፅ ዝቅና ከፍ አድርጉ። ፉጨቱ አብሮ ከፍ ዝቅ ካለ የሚገባው ከቴፑ በፊት ነው፤ ካልተለወጠ ከቴፑ በኋላ ባለው ገመድ ላይ ነው። የድምፅ ገመድና የኃይል ሽቦ በአንድ ጎን አብረው ከተጠቀለሉ ይለያዩ፤ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ይሂድ፤ መገናኘት ካለባቸው ተሻግረው እንጂ ተጎዳኝተው አይሂዱ።

እዚህ ላይ ስልክ ቻርጀርን ሳናነሳ አናልፍም። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የተሰካ ርካሽ ቻርጀር ስልኩን እየሞላ ያው ስልክ በገመድ ቴፑ ላይ ከተሰካ፣ ፉጨቱ በቻርጀሩ ግራውንድ በኩል ተዟዙሮ ይገባል። ቻርጀሩን መንቀል አንድ ሰከንድ ነው። ሙሉ ዳሽቦርድ ከፍተው ሁለት ሰዓት የደከሙ ሰዎች አይተናል፤ መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀሉ።

እስካሁን ያልነው አምፕሊፋየሩ ከቴፑ ጋር በአር ሲ ኤ ሲገናኝ ነው። የፋብሪካው ቴፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአር ሲ ኤ ቀዳዳ የለውም፤ ድምፁ የሚወሰደው ከስፒከር ሽቦዎቹ ነው። ቴፕ የሚቃጠለው በዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ ይገባል።

የድሮ ቴፖች የስፒከሩን አንድ ሽቦ ከቦዲ ጋር ያገናኙ ነበር። አንጋፋ ኤሌክትሪሺያኖች የስፒከርን ኔጋቲቭ ቦዲ ላይ የማሰር ልማድ ያመጡት ከዚያ ዘመን ነው። የአሁኑ ቴፕ እንደዚያ አይደለም። ሁለቱንም ሽቦዎች ይገፋል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ድምፅ ሳይኖር ከቦዲ አንፃር ብትለኳቸው ሁለቱም ላይ የባትሪውን ግማሽ፣ 6 ቮልት ገደማ ታገኛላችሁ። ስለዚህ ኔጋቲቩን ቦዲ ላይ ማሰር ማለት የቴፑን ቺፕ ሾርት ማድረግ ማለት ነው፤ ዕድለኛ ከሆናችሁ ራሱን ያጠፋል፣ ካልሆናችሁ ይሰናበታችኋል። የሁለት ስፒከሮችን ኔጋቲቭ አንድ ላይ ማሰርም ያው ነው። የአምፕሊፋየሩ "ሃይ ኢንፑት" የተባለው መግቢያ ካለ አራቱን ጥንዶች ለየብቻቸው እዚያ ማስገባት ነው፤ ከሌለ ደግሞ በመሀል መቀየሪያ ይገባል፤ ትራንስፎርመር ያለበት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፣ ሁለቱን ወገን ስለሚለያይ ፉጨትንም ይቀንሳል።

የሽቦ ቀለም ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። በመስመሩ ላይ የሚበዙት ቶዮታዎች ስለሆኑ የእነሱን እንናገር። በብዙ ቶዮታ መኪኖች የቴፑ ግራውንድ ቡናማው ሽቦ ነው። ሁልጊዜ ኃይል ያለበት ሰማያዊ ቢጫ መስመር ያለበት፣ በቁልፍ የሚመጣው ግራጫው ነው። ጥቁሩ ሽቦ የኋላ ግራ ስፒከር ፖዘቲቭ ነው! "ጥቁር ግራውንድ ነው" ብሎ እጁን የሚሰድ ሰው ቴፑን የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው። የፊት ግራ ሮዝና ሐምራዊ፣ የፊት ቀኝ ፈዛዛ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ የኋላ ግራ ጥቁርና ቢጫ፣ የኋላ ቀኝ ቀይና ነጭ ናቸው። ይህም ቢሆን ከእጅ ወደ እጅ የዞረ መኪና ላይ ማን ምን እንደቀየረ አይታወቅምና ሳይለኩ አይቁረጡ። ኤርባግ ባላቸው መኪኖች ውስጥ ቢጫ ሽፋንና ቢጫ ሶኬት ያለውን ሽቦ ጭራሽ አትንኩ፤ በመልቲሜትርም ቢሆን።

ማብሪያው ሽቦ፣ ሪሞት የሚባለው፣ ብዙ ወጪ ያስወጣል። የፋብሪካ ቴፕ ይህን ሽቦ ስለማይሰጥ አንዳንዱ በቀጥታ ከባትሪ ያገናኘዋል፤ ከዚያ ጠዋት መኪናዋ አትነሳም፣ ባትሪው ይወቀሳል። በትንሽ ፊውዝ በቁልፍ ከሚመጣው ኃይል መውሰድ ነው። አንዳንድ አዳዲስ አምፕሊፋየሮች ከላይ ያልነውን 6 ቮልት ስፒከር ሽቦው ላይ ሲያዩ ራሳቸው ስለሚበሩ ለእነሱ ሪሞት አያስፈልግም።

ወደ ስፒከሮቹ እንምጣ። ሚኒባስ ውስጥ ስምንት ስፒከር መደርደር ተለምዷል። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፣ አራት ሲታሰሩ 1 ኦም፣ ስምንት ሲሆኑ ግማሽ ኦም። ብዙው አምፕሊፋየር በአንድ ቻናል ከ2 ኦም በታች፣ ሁለት ቻናል ተገናኝቶ ሲሠራ ደግሞ ከ4 ኦም በታች አይችልም። ስለዚህ ቀይ መብራት ያበራል፣ ይግላል፣ ይጠፋል። መፍትሔው ሁለት ሁለቱን በተከታታይ፣ ከዚያ ጥንዶቹን ጎን ለጎን ማሰር ነው፤ አራት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች በዚህ መንገድ መልሰው 4 ኦም ይሰጣሉ። ቀይ መብራቱ ምንም ሳይጫወት ከበራ የስፒከሮቹን ሽቦዎች ሁሉ ንቀሉ። ከጠፋ አንድ በአንድ መልሱ፤ ሲበራ ያስገባችሁት እሱ ነው። ያንን ስፒከር ብቻውን በኦም ስትለኩት ባለ 4 ኦም ከሆነ 3.2 እስከ 3.8 ማሳየት አለበት፤ በሽቦውና በቦዲው መካከል ግን ምንም ማሳየት የለበትም። በር ውስጥ ያለፈ ሽቦ ማጠፊያው ላይ መላጡ የተለመደ ነው።

ቤዙ ጠፍቶ ድምፁ ባዶ ባዶ የሚል ከሆነ አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ታስሯል። አንዱ ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ስለሚስብ አየሩ ይጣፋል። 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ወስዳችሁ፣ ስፒከሩ ከአምፕሊፋየሩ ተነቅሎ ሳለ፣ ለቅጽበት ንኩት። ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ከተገናኘ ወረቀቱ ወደ ውጭ ይዘላል።

ጌይን የሚባለውን መዘውር ብዙ ሰው እንደ ድምፅ መጨመሪያ ያየዋል። አይደለም። ከቴፑ የሚመጣውን ጥንካሬ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ማስማሚያ ነው። እስከ መጨረሻ ሲዞር ሞገዱ ጫፉ ይቆረጣል፣ ቀድመው የሚቃጠሉትም ትዊተሮቹ ናቸው። ለማስተካከል ስፒከሮቹን ንቀሉ፣ በስልክ የ60 ኸርዝ ቶን አጫውቱ፣ የቴፑን ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ አድርጉ፣ መልቲሜትሩን በኤሲ መውጫው ላይ አድርጉና ጌይኑን ቀስ እያላችሁ አዙሩ። የምትፈልጉት ቮልት ዋቱ በኦሙ ተባዝቶ ካሬ ሥሩ ነው፤ ለ50 ዋትና 4 ኦም 14.1 ቮልት ይመጣል። እዚያ ሲደርስ አቁሙ፤ መዘውሩ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ረዳቱ ሊነካው ይችላልና።

አምፕሊፋየሩ ሁሉ ነገር ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ በላዩ ላይ ምን እንዳለ እዩ። በጃቢ ጠህናንና በቡሬ በርበሬ በሚወርድበት ወራት ወንበር ሥር ያልገባ ጆንያ የለም። አምፕሊፋየሩ ሙቀቱን የሚያስወግደው በጎኑ ባሉት ክንፎች ነው፤ ጆንያ ከሸፈነው፣ የመንገዱ አቧራም ከሞላበት፣ ይጠፋል። ከወለሉ በጣውላ ትንሽ ከፍ አድርጎ ዙሪያውን በላሜራ ከለል ማድረግ ይበቃል።

የመጨረሻው ነገር ቅጥቅጥ አይሱዙ ያላቸውን ይመለከታል። እነዚህ 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪዎች በተከታታይ ታስረዋል። 12 ቮልት አምፕሊፋየር ለመግጠም ብዙ ሰው ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ይወስዳል። ድምፁ ወዲያው ይመጣል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ዲናሞው የሚያየው የሁለቱን ድምር፣ 28 ቮልት አካባቢ ነው። አንዱ ባትሪ እየተበላ 13 ቢሆን ሌላው 15 ይሆናል ማለት ነው። አንደኛው ሳይሞላ ይኖራል፣ ሁለተኛው ከመጠን በላይ ተሞልቶ ውሃው ይፈላል። በጥቂት ወራት ሁለቱም ይሞታሉ፤ "ባትሪው ፎርጅድ ነበር" ይባላል። ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ለክታችሁ ከግማሽ ቮልት በላይ ከተለያዩ ከአንዱ የሚወስድ ነገር አለ ብላችሁ ፈልጉ። ትክክለኛው መንገድ ከ24 ወደ 12 የሚቀይር ኮንቨርተር ነው፤ አምፒሩ ከአምፕሊፋየሩ ፍላጎት የማያንስ ይሁን፤ በ24ቱ በኩል ላለው ሽቦም የራሱ ፊውዝ ይደረግለት።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ መልቲሜትር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ብርጭቆ ወረቀት ነው። ለሴሚስተር ዕረፍት ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ጅጋና ቡሬ የምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች አብራችሁ ተነጋግራችሁ ቢያንስ አንድ መልቲሜትር በመኪናው ውስጥ ይኑራችሁ። የሰው መኪና አማና ነውና፣ ሽቦ ከመቁረጣችሁ በፊት የነበረውን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ወንበሩን ስታነሱም መጀመሪያ ፊውዙን እዩ።